ዋንጫው የሚያልፍበት መንገድ

በዲላ ከተማ የሚገኝ፣ ለትሕትናው ስል ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ሞትን ድል ነሥቷል። ሐኪሞች ያቃታቸውን፣ ቀሳውስትም ፓስተሮችም ለወዲያኛው ዓለም የቀጠሩትን ጉዳይ በአንድ በጀት ዓመት አጠናቆታል። በዚያ ዓመት እሱ በሚቆጣጠረው መንገድ ላይ መኪና የገደለው ሰው አልነበረም።

ምቀኞች «የቡና ዋጋ ወድቆ ነው» ይላሉ። ዋጋው በእርግጥ ወድቋል። ከላይ ከጨለለቅቱ ከተማ ቡና ጭነው ወደ ዲላ ይወርዱ የነበሩት መኪኖች ሸራ ለብሰው ቆመዋል። ነዳጅ ጠፍቶ ባጃጆች ማደያ በር ላይ ተሰልፈው ይውላሉ። ቡና ሸጦ ሞተር ሳይክል የገዛው ወጣትም ሞተሩን ሸጦ በእግሩ ይሄዳል። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቶ ተክለብርሃን እንዳብራሩት ግን፣ እነዚህ ከውጤቱ ጋር በአጋጣሚ የተገናኙ ነገሮች ናቸው። ሞት የቀነሰው በተቀናጀና በተናበበ አመራር ነው፤ ማለትም እሳቸው ባሰቀሉት ባነር። ባነሩ «ፍጥነት ይገድላል» ይላል። መኪናው ስለማይንቀሳቀስ ሾፌሩ ደጋግሞ ለማንበብ በቂ ጊዜ ነበረው።

ለዚህ ድል የመስታወት ዋንጫ ተሸለሙ። ዋንጫው ከዲላ ተነሥቶ በመኪና አጀብ ወናጎ ከተማ እንዲገባ፣ እዚያም መንገዱ ዳር ባለው ትምህርት ቤት ፊት ለፊት ድንኳን ተተክሎ ለሕዝብ እንዲታይ ተወሰነ። ለአጀቡ የሚሆን ነዳጅ ከየት ይመጣል ተብሎ ሲጨነቅ፣ ለአምቡላንስ የተቀመጠ ስለተገኘ ችግሩ በፍጥነት ተፈታ። ሞት ለሌለበት አገር አምቡላንስ ቅንጦት ነው።

የቀረው እንቅፋት ጉብታ ነበር። ትምህርት ቤቱ አጠገብ በጋሪ ሙዝ የምትሸጥ ማንጠግቦሽ የምትባል ሴት አለች። ቡና ተወዶ መኪና በሚራወጥበት በአንዱ ዓመት ባሏን የጭነት መኪና ገደለባት። ልጇ ባርኮት ያንኑ መንገድ እያቋረጠች ነው የምትማረው። ስለዚህ ማንጠግቦሽ ከቀብሩ በኋላ ጎረቤቶቿን አስተባብራ በድንጋይና በአፈር ጉብታ ሠራች። ዝናብ ሲያጥበው መልሳ ትደለድለዋለች። ሾፌሮች እዚያ ሲደርሱ እየተሳደቡም ቢሆን ፍጥነት ይቀንሳሉ።

አቶ ተክለብርሃን ጉብታው ዋንጫውን ያንገጫግጫል ብለው እንዲነሣ አዘዙ። ሕዝብ አክባሪ ናቸውና ራሳቸው ሊያስረዷት መጡ።

«እህቴ፣ ሞት በሌለበት ጉብታ ምን ይሠራል?» አሏት።

«ጋሼ፣ የጠፋው ሞት አይደለም፤ መኪና ነው» አለች። «መኪና ሲጠፋ ሙዜ ይበሰብሳል፣ ልጄ ግን በሰላም ትገባለች። ቡና ሲወደድ ሙዙ ይሸጥልኛል፤ ልጄንስ ማን ያስገባልኛል?»

አቶ ተክለብርሃን ወደ ረዳታቸው ወደ አብይ ዞረው፣ የኅብረተሰቡ ግንዛቤ ገና እንደሚቀረው እንዲመዘግብ ነገሩት። ጉብታው በዶማ ተናደ። ይህን ስጽፍ እበሽቃለሁ፤ ብሽቀት ግን በዕቅዱ ስላልተካተተ እቀጥላለሁ።

ዋንጫው በሚመጣበት ሳምንት የቡና ዋጋ ሳያስፈቅድ ጨመረ። ሸራዎቹ ተገፈፉ፤ መኪኖቹ ተነሡ። በበዓሉ ቀን ተማሪዎቹ አበባ ይዘው አስፋልቱ ላይ ተሰለፉ፤ ባርኮትም ከፊት ነበረች። አቶ ተክለብርሃን ዋንጫውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ሞት በዚህ መንገድ እንዳያልፍ መታገዱን ማብሰር ጀመሩ።

የጥሩንባ ድምፅ ከላይ ተሰማ። ቡና የጫነ መኪና፣ ዋጋው ሳይወርድ ዲላ ልግባ ብሎ፣ ቁልቁለቱን እየበረረ መጣ። እንግዶቹ ጥሩንባውን የአጀቡ አካል መስሏቸው አጨበጨቡ። ማንጠግቦሽ ግን ያንን ድምፅ ታውቀዋለች። ጋሪዋን ከነሙዙ ገፍታ መንገዱ መሐል ለቀቀችው። ሾፌሩ ደንግጦ መሪውን ሲያዞር፣ መኪናው ልጆቹን ስቶ ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ ቆመ። ዋንጫው ደቀቀ፤ የአቶ ተክለብርሃን እግር ተሰበረ። ባርኮት አበባዋን እንደያዘች እናቷ እቅፍ ውስጥ ገባች።

አምቡላንስ ተጠራ፤ ነዳጅ የለውም። ነዳጁን የጨረሱት የአጀብ መኪኖችም ድንኳኑ ሲወድቅ ከሥሩ ቀርተዋል። ስለዚህ ማንጠግቦሽ ጋሪዋን አቃንታ፣ ኃላፊውን ጭና ጤና ጣቢያ አደረሰቻቸው።

መሥሪያ ቤቱ ወዲያው መግለጫ አወጣ። የሞተ ስለሌለ ውጤቱ እንደተጠበቀ ነው። የአደጋው መንስኤም በጥልቀት ተጣርቶ ተደርሶበታል፦ መንገድ ላይ የተደፋ ሙዝ። የሙዙም ባለቤት ትቀጣለች።

ቅጣቱን ሊነግራት አብይ ሲመጣ፣ ማንጠግቦሽ ልጇ ድንጋይ እያቀበለቻት ጉብታውን ትደለድል ነበር። እስኪጨርስ ሰማችው።

«ለጋሼ ንገርልኝ» አለችው። «ድነው በዚህ ሲያልፉ ቀስ ይበሉ፤ እግራቸውን እንዳያማቸው።»