ቀዳዳ ያለው ግዝት

የጋይንት ሰው የሐኪም ትእዛዝ ይሽራል እንጂ የቄስ ግዝት አይሽርም! እንዲህ ካላችሁ... ወንድሜን አላወቃችሁትም።

ታላቅ ወንድሜ ሙላት የጉሮሮ ካንሰር ያዘው። ባሕር ዳር ያየው ሐኪም፣ «ሲጋራ ዛሬውኑ አቁም» አለው።

«ዶክተር፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነብኝ። ከታመምሁ ወዲያ ባቆም ምን ይረባኛል?»

«ጅቡ መቼ ሄደና! ግቢህ ውስጥ ነው። እያጨስህ የምትጀምረው የጨረር ሕክምና በደንብ አይሠራልህም፣ ቁስሉ ቶሎ አይሽርም፣ በሽታውም ሊመለስ ይችላል። አሁንም ብታቆም ይጠቅምሃል።»

ሙላት በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። መናኸሪያ ስንደርስ ለኮሰ!

እናታችን የንስሐ አባታችንን መምሬ ታከለን አስጠራች። መስቀላቸውን አወጡና፣ «ከዛሬ ጀምሮ ሲጋራ እንዳትገዛ ገዝቼሃለሁ!» አሉት። ተሳለመ። እኛም እፎይ አልን...

ዓርብ ገበያ ውሎ ሲመለስ ሸተተኝ።

«ጋሼ፣ አጨስህ?»

«አጨስሁ።»

«ግዝቱስ?!»

«ምን ገዛሁ? ተሰጠኝ እንጂ!»

አያችሁልኝ? መምሬ «እንዳትገዛ» እንጂ «እንዳታጨስ» አላሉም! በእኛ አገር ደግሞ በሽተኛን ያማረውን መንፈግ ነውር ነው። ድምፁ ሰልሏል፤ ሁለት ጣቱን ወደ ከንፈሩ ሲያስጠጋ ገበያተኛው ሁሉ «ምስኪን!» እያለ ኪሱን ይዳብሳል። ሰው በደግነትም ይገደላል እኮ...

እናቴ ወደ መምሬ ሮጠች።

«አባቴ፣ ግዝትዎ ቀዳዳ አለው!»

ነገሩን ሲሰሙ መምሬ ጢማቸውን ያዙ። «ይሄ ልጅ ቅኔ ቤት መግባት ነበረበት!» አሉ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወጡና ምእመኑን ሁሉ ገዘቱ፦ «ለሙላት ሲጋራ የሰጠ፣ ያቀበለ፣ የለኮሰለት... ውጉዝ ይሁን!»

በቀጣዩ ዓርብ ሁለት ጣቱን ሲያነሣ ገበያው ተበተነ። አንዱ አህያውን ሳይቀር ጥሎ ሸሸ!

ሙላት እየተነጫነጨ አቆመ። ካቆመ በኋላ ጨረሩ ሠራለት፣ ቁስሉ ሻል አለው፣ ሾርባ መዋጥ ጀመረ፣ ድምፁም ተመለሰ... እኛን ለመስደብ! «አንቺ ጨካኝ! አንተ ደንቆሮ!» እናቴ ስድቡን በሰማች ቁጥር እልል ትል ነበር።

ግን... ረፍዶ ነበር። በሽታው ተመልሶ መጣ፤ ወሰደው።

እንግዲህ የምትወዱት በሽተኛ «አንዲት ብቻ» ሲላችሁ ጨክኑበት። ይስደባችሁ! ስድብ ከጸጥታ ይሻላል... እኔን ጠይቁኝ።