ፀሐይ ከአዳም በኋላ የወጣችበት መጽሐፍ

ሰው ሥራ ሲያመለክት ያልሠራውን ሲቪው ላይ ይጨምራል ይባላል። እኔ የሠራሁትን የቀነስኩ ሰው ነኝ። ሰባት ዓመት የቆሎ ተማሪ መሆኔን በየትኛው ሣጥን ልሙላው? ከደጅ ደጅ ቁራሽ መለመኔን የሥራ ልምድ ልበለው? ያባረሩኝ ውሾች መጥተው ሊመሰክሩልኝ ነው? ትምህርት፦ “የለም” ብዬ ጻፍኩና አፌን ዘጋሁ። አፍ ዘግቶ መኖር ደግሞ እችልበታለሁ።

እንዲህ ሆኜ ዘጠኝ ዓመት ከኤድመንተን በአውቶቡስ እየተመላለስኩ በአንድ የጥንት መጻሕፍት መደብር ካርቶን ተሸክሜያለሁ፣ አቧራ ጠርጌያለሁ። ባለቤቱ ጄራልድ ደግ ሰው ነው። አባቴን የሚያህል ሰው ያለ ጋሼ መጥራት ግን ዛሬም ይከብደኛል። መደብሩን የወረሰው ከአጎቱ ነው፤ የመጽሐፍ ቆዳ አሳምሮ ያውቃል፣ ሆዱን እምብዛም።

በቀደም አንድ መጽሐፍ ከምድር ቤት አምጣ አለኝ። ምንድን ነው ብለው፣ አንድ ፈረንሳዊ እግዚአብሔር ዓለምን እንዴት እንደ ፈጠረ በረጅም ግጥም ጽፎት፣ አንድ እንግሊዛዊ በጥንት ዘመን ወደ ቋንቋው የመለሰው ነው፤ እንደ ልብ አይገኝም አለኝ። ሊገዙት የመጡት ጡረታ የወጡ አስተማሪ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲፈልጉት ኖረዋል።

ሥነ ፍጥረት መሆኑን ስሰማ እጄ የጄራልድ ተቀጣሪ መሆኑን ረሳ። መጽሐፉን ግንባሬንና ከንፈሬን አስነክቼ ተሳለምኩት። ጄራልድ ቲማቲም መሰለ። ይህን ያህል ዘመን የኖረ ቆዳ በእርጥብ ከንፈር ይነካል ወይ፣ ምሳህ መሰለህ እንዴ ብሎ፣ ከነገ ጀምሮ ካርቶን እንጂ መጽሐፍ እንዳልነካ ፈረደብኝ። ይቅርታ ጠየቅኩ። ውስጤ ግን ተቃጠለ። መጽሐፍ ከመንካት በቀር ከዚያ የተማሪነት ዕድሜ ምን ተረፈኝ?

አስተማሪዋ ይህን ጊዜ ገጽ ሲገልጡ ቆይተው በረጅሙ ተነፈሱ። ከሦስተኛው ቀን ቀጥሎ አምስተኛው ነው የመጣው፤ አራተኛው የለም፣ ጎዶሎ መጽሐፍ አልወስድም ብለው ኮታቸውን አነሱ። ጄራልድ አመድ መሰለ።

አፌ ያን ጊዜ ከዳኝ። ማዳም፣ ረቡዕ አልጠፋም፣ ከዓርብ ኋላ ይፈልጉት አልኩ። ሁለቱም ወንበር የተናገረ ያህል አዩኝ። እኛ ከእሑድ ጀምረን ነው የምንቆጥረው፣ አራተኛው ቀን ረቡዕ ነው ብዬ አስረዳሁ።

ከስድስተኛው ቀን ኋላ ገለጡ። የድሮ እንግሊዝኛ አይገባኝም፤ ፀሐይና ጨረቃ የሚሉትን ግን ማን ያጣቸዋል? ቁጭ ብለዋል! አዳም ተፈጥሮ ሲያበቃ ገና ፀሐይ ትወጣለች። ምስኪን፣ ለእንስሳቱ ስም ያወጣው በጨለማ ነው።

በምን አወቅህ አለ ጄራልድ። ጠራዡ ደክሞት ጥራዙን፣ አንድ ላይ የሚሰፉትን ቅጠሎች፣ አዘዋውሮታል፤ እኔም በልጅነቴ ይህንኑ አጥፍቼ የኔታ ጀርባዬን ልጠውኛል አልኩ። ሰባቱን ዓመትም ነገርኩት፣ ልመናውን ሳይቀር፣ አንገቴን ቀና አድርጌ። ከነገ ጀምሮ እያንዳንዱን መጽሐፍ ከመሸጡ በፊት ቼክ የምታደርገው አንተ ነህ አለ።

ሹመት ያሞቃል። ፈትቼ እያንዳንዱን ቀን በቦታው ልጠርዘው እችላለሁ አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

አስተማሪዋ መጽሐፉን ከፊቴ አፈፍ አደረጉት። እንዳትሞክረው! አሉኝ። ደህናውማ ሌላም ቦታ ይገኝ ይሆናል፤ እንዲህ የተሳሳተ ግን የት አባቱ ይገኛል? ብርቅ ያደረገው ስህተቱ ነው።

ለካ ያን ቀን የኔታ የገረፉኝ ብርቅ መጽሐፍ ስለ ሠራሁ ኖሯል።