እትዬ የሺ ትራክተር የገዛች ሰሞን

ነገር ሲወደድ እናማርራለን፤ ሲረክስ ግን እንፈራለን። እስቲ ራሳችሁን ታዘቡ። የበርበሬ ዋጋ ሰማይ ሲነካ ነጋዴውን ትራገማላችሁ፣ ዘመኑን ትራገማላችሁ፣ በመጨረሻ ግን ገዝታችሁ ትገባላችሁ። ያው ነጋዴ በግማሽ ዋጋ ልስጣችሁ ቢል ግን በርበሬውን ታሸታላችሁ፣ ታገላብጣላችሁ፣ ሸክላ ፈጭቶበት እንደሆነ ትጠረጥራላችሁ። ቋንቋችንም አያግዘን። «ረከሰ» ስንል ዋጋው ወረደ ማለታችን ነው፤ ክብሩ ወደቀ ማለታችንም ነው። ለሁለቱም አንድ ቃል በሚበቃበት አገር ተቀምጦ ደህና ዕቃ በርካሽ የሚሸጥ ሰው እንግዲህ ደፋር ነው።

እንዲህ ያለ ደፋር ያየሁት ቡሬ ላይ ነው።

እኔ ፍኖተ ሰላም ልብስ ሰፊ ነኝ። ታላቅ እህቴ እትዬ የሺ ደግሞ ወደ ቡሬ ሲኬድ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ ባለ መንደር ትኖራለች፤ ገበሬ ናት። ገበሬ ናት ስል ሰው ሁሉ «የገበሬ ሚስት ማለትህ ነው?» ይለኛል። አይደለም። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ መሬቱ የእሷ ነው፤ የሚዘራውን የምትመርጠው፣ ከዝናቡ ጋር የምትጨቃጨቀው እሷ ናት። አንድ ነገር ብቻ አታደርግም፤ አታርስም። በእኛ አገር ሴት ትጎለጉላለች፣ ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ ትወቃለች፤ እርፍ ግን አትጨብጥም። ማን እንደከለከለ ጠይቄ የነገረኝ የለም። ከልካዩ አይታወቅም፤ ክልከላው ግን ይከበራል።

ስለዚህ መሬቷን ለጎረቤቷ ለአያ ደሴ ለእኩል ትሰጣለች። እሱ ያርሳል፣ ምርቱን እኩል ይካፈላሉ። አያ ደሴ ክፉ ሰው አይደለም። አልሰረቃትም፣ አላታለላትም። ነገር ግን የራሱን ማሳ ሳይጨርስ ወደ እሷ አይመጣም፤ የራሱን ሲጨርስ ደግሞ ዝናቡ ከብዷል። እና በየዓመቱ የእሷ በቆሎ ከጎረቤቱ ሁሉ በቆሎ በቁመት ያንሳል። እትዬ የሺ አታማርርም። ማሳው ዳር ቆማ ታየዋለች፤ ከዚያ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። እኔ ግን ያን አስተያየቷን አልወደውም ነበር።

ያችን የተረፈቻትን በቆሎ የምትሸጠው ቡሬ፣ ለሐጅ ኑሩ ነው። ሐጅ ኑሩ እህል ነጋዴ ናቸው፤ ወፍጮ ቤትም አላቸው። ዓመታት የቆየ ደንበኝነት ነው፤ እሷ ሚዛኑን አታይም፣ እሳቸውም ጆንያውን ገልብጠው አያዩም። ከዕለታት በአንዱ የገበያ ቀን ታዲያ «እመት የሺ፣ ልጄ ባሕር ዳር ገብቶ ሱቅ ከፈተ። ትራክተሩ ቆሞ ዶሮ ይሰፍርበታል። ለምን አይወስዱትም?» አሏት። ዋጋውንም ነገሯት። ዋጋውን እዚህ አልጽፈውም፤ እትዬ የሺ ትቆጣኛለች። ብቻ ሁለቱን በሬዎቿንና ጊደሯን ሸጣ የምትደርስበት ነበር። የአያ ደሴን ቀንበር የሚጎትቱት እነዚሁ በሬዎች ናቸውና፣ ነገሩ ካልተሳካ ትራክተርም በሬም አራሽም የሌላት ሴት ሆና ትቀራለች ማለት ነው።

ወሬው መንደር ሲገባ ትራክተሩ ገና ቡሬ ነበር። አንዱ «ትራክተሩ ሰው ገድሏል» አለ። ሌላው ሞተሩ የውሃ መሳቢያ ሞተር ነው አለ። አንዲት ሴትዮ ደግሞ ባለቤቱ ዓይኑ እንዳያየው ብሎ ከወፍጮ ቤት ጀርባ ደብቆታል አለች። ከወፍጮ ቤት ጀርባ መቆሙ እንኳ እውነት ነበር።

እትዬ የሺ «ወንድ ይዞ መሄድ ደግ ነው» ብላ እኔን ይዛ ሄደች። እኔ ከመኪና የማውቀው የስፌት መኪናን ነው። ያም ሆኖ የወፍጮ ቤቱ ሠራተኞች ስለ ትራክተሩ የሚያስረዱት ለእኔ ነበር። እሷ ትጠይቃለች፣ መልሱ ወደ እኔ ይመጣል። እኔም ላለማፈር ጎማውን በጫማዬ ነካ ነካ አደረግሁት። ጎማ በእግሩ የሚነካ ሰው ምን እንደሚያውቅ እግዜር ይወቅ፤ ግን ሁላችንም እናደርገዋለን።

ፊታቸውን ወደ እሷ ያዞሩት ሐጅ ኑሩ ብቻ ናቸው። ዶሮዎቹን በከዘራቸው አባረው የትራክተሩን በሽታ ይነግሯት ጀመር። ጠዋት ጠዋት ቶሎ አይነሳም። የፊት መብራቱ አንዱ ዕውር ነው። መቀመጫው ወገብ ይሰብራል። ናፍጣው እስኪያልቅ ከነዱት መስመሩ ውስጥ አየር ይገባና እምቢ ይላል፤ ያን ጊዜ ይችን ብሎን ላላ፣ ይችን በእጅ መታ መታ፣ አረፋው ሲያልቅ መልሶ ማጥበቅ ነው። እትዬ የሺ እያንዳንዱን በጣቷ እየነካች አስደገመቻቸው። እኔ ግን ይብስ ጠረጠርኩ። ይህን ሁሉ ጉድ የሚናገር ሰው ያልተናገረው ምን ቢሆን ነው?

አላስቻለኝም። «ሐጅ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣» አልኩ፣ «ታዲያ ለምን ይህን ያህል ረከሰ?»

እኔን ሳይሆን እሷን እያዩ መለሱ። «እኔ ነጋዴ ነኝ፣ እመት የሺ። ይኸው ስንት ዘመን የእህልዎን እኩሌታ ስገዛ ኖርኩ። አሁን ሙሉውን መግዛት አማረኝ።»

እህቴ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ሳብ አደረገች። እኔም ወደ ጎማው ተመለስኩ።

በዚህ መሃል ነው ከደምበጫ የመጣ ደላላ የደረሰው። ሐጅ ኑሩን ወደ ጥግ ወሰዳቸው፤ ደላላ ሲያንሾካሹክ ግን ገበያው ሁሉ ይሰማዋል። ትራክተሩን ፈታትተው በመለዋወጫነት የሚወስዱ ሰዎች አሉ፣ የሚከፍሉትም እኛ ከያዝነው እጅግ የበለጠ ነው። ገንዘባችን ገና በእትዬ የሺ መቀነት ውስጥ ነበር። እኔ «ቶሎ በይ፣ ክፈያቸው!» ብዬ በክርኔ ጎሰምኳት። እሷ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ቀጥ ብላ ሄዳ «ሐጅ፣ ሰምቻለሁ። እርስዎም ልጆች አሉዎት። ለእሱ ይስጡት፤ እኔ አልቀየምዎትም» አለቻቸው።

ሐጅ ኑሩ ሲቆጡ ያየኋቸው ያኔ ብቻ ነው። «እርስዎ ትራክተር ሊገዙ ነው የመጡት ወይስ ቃሌን ሊያስሸጡኝ?» አሉና ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው መዳፏ ላይ አስቀመጡት። ደላላው ቁልፉን አየ፣ እሷን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። ወንዱ እኔ ነኛ። እኔም ትከሻዬን ሰበቅሁ።

መንዳቱን ራሳቸው አስተማሯት። አስቡት እንግዲህ፤ ቆብ ያደረጉ ሽማግሌ በጎማው መሸፈኛ ላይ ተቀምጠው «ፍሪሲዮን! ፍሪሲዮን፣ እመት የሺ!» ይላሉ፤ ሻሿን ያጠበቀች እህቴ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ ትዞራለች። የወፍጮው ወረፋ ተረሳ። መጀመሪያ ሰው ሳቀ። ከዚያ ዝም አለ። በመጨረሻ አንዲት እናት «ማርሽ ቀይሪ እንጂ!» ብለው ጮኹ፤ እሳቸው ማርሽ የት ተምረው እንደሆነ አላውቅም።

አስፋልቱን ሹፌር ነዳላት። ከዚያ ወዲህ ግን መሪውን ለማንም አልሰጠችም። ከማሳዋ በፊት የገባችው አያ ደሴ ደጅ ነው። ሞተሩን ርቃ አጥፍታ፣ በእግሯ ሄዳ፣ «ደሴ፣ ዘንድሮ መሬቴን ራሴ ላርስ ነው። ከሰው አፍ እንዳትሰማው ብዬ ነው» አለችው። አያ ደሴ «በሬዎቹስ?» አለ። «ተሸጡ።» ያን ቀን ለእሱም አዘንኩ። ግማሽ ምርት ነው ከእጁ የወጣው፤ ልጆቹም ከዚያው ነው የሚበሉት።

ግንቦት ላይ፣ መሬቱ ዝናብ ጠጥቶ በለሰለሰ ማግስት፣ መንደሩ በሙሉ ማሳዋ ዳር ወጣ። አንዳንዱ ሊያይ፣ አንዳንዱ ሊስቅ። አያ ደሴም መጥቶ ዘንጉን ተደግፎ ለብቻው ቆመ። እትዬ የሺ አማተበችና ገባች። ማረሻው ቀዩን አፈር ገልብጦ ሲሄድ ሰው ሁሉ «ወይ ጉድ!» አለ። ማሳው መሃል ስትደርስ ትራክተሩ ቀጥ አለ። ሁለት ጊዜ እንደ ሰው አሳለውና ጠፋ።

አንድ ሽማግሌ «ድሮም ይኸ ነገር…» ብለው ጀመሩ። እትዬ የሺ ወረደች። ይዛው ከመጣችው ጀሪካን ናፍጣ ጨመረች፣ ብሎኑን አላላች፣ መታ መታ አደረገች፣ አረፋው እስኪያልቅ ጠበቀች፣ መልሳ አጠበቀች፣ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወጣች። ተነሳ። ሽማግሌው የጀመሩትን ሳይጨርሱት ቀሩ።

ከዚያ አያ ደሴ ጋቢውን ጣለና ወደ ማሳው ገባ። ሊጣላት ነው ብዬ ጫማዬን ጭቃ ውስጥ እየነከርኩ ሮጥኩ። ትራክተሩ ፊት ቆመና በዘንጉ መሬቱን ወጋ። «እዚህ ጋ ድንጋይ አለ!» ብሎ ጮኸ። «ከአፈሩ በታች ነው፣ አይታይሽም። ስንት ማረሻ የበላብኝ እሱ ነው። ወደ ግራ በይ!» ወደ ግራ አለች። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ከትራክተሩ ፊት ፊት እየሄደ፣ የሚያውቀውን ድንጋይና ጉቶ ሁሉ በዘንጉ እያሳየ፣ ማሳውን አብረው ጨረሱት። ማንም አልለመነው፤ ማንም አላዘዘው። ሸሚዝ ስሰፋ ሰው እለካለሁ፤ የዚያን ቀን ግን አያ ደሴን የምለካበት ሜትር አልነበረኝም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሞተሩ ጠፋ፤ ሰዉም ተበተነ። እትዬ የሺ ለአያ ደሴ ጠላ ቀዳችለትና «ነገ ያንተን አርስልሃለሁ» አለችው። አላመሰገናትም። ጠላውን ጨልጦ፣ ትራክተሩን ዞር ዞር ብሎ አየና «ልውጣበት?» አለ።

ወጣ። ያን ወገብ ሰባሪ መቀመጫ ተመቻቸበት፤ መሪውን በሁለት እጁ ያዘ፤ የታረሰውን ማሳ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመለከተ። ቆየ።

«የሺ፣» አለ በመጨረሻ፣ «ከዚህ ላይ ሲያዩት እኮ መሬቱ ትንሽ ነው። እንዴት ነው ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ያደከመኝ?»

ቢመሽም እሱ ለመውረድ አልቸኮለም፤ እኛም ውረድ አላልነውም።