እትዬ ጠጋ-በሉ ካርድ ስታስተምር

በዚህ ዓለም ላይ ሰው ሁሉ ያለማንገራገር የሚታዘዛት አንዲት ሴት ብቻ አለች፤ እሷም የከተማ አውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ናት። ባለሥልጣን ቢናገር ግማሹ ሰው ያዛጋል። ሐኪም ቢመክር ሰው «እሺ ዶክተር» ብሎ ይወጣና የፈለገውን ይበላል። ትኬት ቆራጭ ከኋላ በር አጠገብ ካለችው ከፍ ያለች ወንበሯ ላይ ሆና «ጠጋ በሉ!» ስትል ግን ዳኛውም ይጠጋል፣ ኪስ አውላቂውም ይጠጋል። መጠጊያ ቦታ ከሌለም ቢያንስ ሆዱን ይሰበስባል።

እናንተም ታውቋታላችሁ። ደልደል ያለች፣ በሸሚዙ ላይ ሹራብ በሹራቡ ላይ ኮት የደረበች፣ ገና በጠዋቱ ሰው የበደላት የምትመስል ሴት ናት። የኛ መስመር ተሳፋሪዎች «ክብርት እትዬ ጠጋ-በሉ» የሚል ማዕረግ በሙሉ ድምፅ ሰጥተናታል። በሙሉ ድምፅ ስል በሹክሹክታ ማለቴ ነው፤ ፊት ለፊት የሚደፍራት አልነበረም።

እኔ ጠዋት አልወድም። የኛ ሰፈር ጠዋት ደግሞ የሚወደድ ነገር የለውም። ጭቃው አለ፣ ከመንገዱ ማዶ ተጀምሮ የቀረው ሕንፃ አለ፣ ፌርማታው ላይ አንገቱን ኮቱ ውስጥ ቀብሮ ከማንም ጋር የማያወራ ሰልፈኛ አለ። የምኖረው ብቻዬን ነው። ቢሮዬም ውስጥ ሁሉም ሰው ከኮምፒውተሩ ጋር ተፋጦ ይውላል። እውነቱን ለመናገር፣ ነግቶ መጀመሪያ የሚያናግረኝ ሰው እሷ ነበረች። የምትለኝም ሁልጊዜ አንድ ነው።

«አንተ ባለ መነጽር! በር ላይ ልታድር ነው? ጠጋ በል!»

ስም የማታወጣለት ተሳፋሪ የለም። ጡረተኛውን የሒሳብ መምህር «ጋሼ እግር» ትላቸዋለች፤ እግራቸውን መተላለፊያው ላይ ዘርግተው ጋዜጣ ስለሚያነቡ። ከሌሊት ተረኝነት የምትመለሰውን ነርስ «እንቅልፋሟ» ትላታለች፤ ቆማም ስለምትተኛ። አንድ ቀን ሽቶው ከእሱ ቀድሞ የገባ ሰውዬ በሩ ላይ ተገትሮ በስልክ «አሁን ትልቅ ስብሰባ ላይ ነኝ» ሲል ሰማችው። «ስብሰባህን ይዘህ ጠጋ በል!» አለችው። ስልኩ ውስጥ ያለው ሰው ሳይሰማ አልቀረም፤ ሰውዬው ስልኩን ዘግቶ እስከ መጨረሻው ወንበር ድረስ ሄደ።

አሠራሯ ደግሞ የራሷ ሥርዓት አለው። አውራ ጣቷን ምላሷ ላይ ታስነካለች፣ ትኬቱን ከጥራዙ ላይ ቀጭ አድርጋ ትቆርጣለች፣ ሳታያችሁ ትሰጣችኋለች። ትልቅ ብር ካወጣችሁ «እኔ ባንክ ነኝ?» ትላለች። ሁሉም ሲገባ የቤቷን ቁልፍ ታወጣና አጠገቧ ያለውን ብረት ኳ ኳ ታደርጋለች። ሹፌሩ ያንን ሳይሰማ ነድቶ አያውቅም። መብራት ቢበራ፣ ትራፊክ ፖሊስ ቢያፏጭ፣ ከኋላ ያለው መኪና ክላክሱን ቢያስጮኸው ኳ ኳ ካላለ ንቅንቅ የለም።

አንድ ነገር ግን አለ፤ ይህን ለማመን ጊዜ ፈጅቶብኛል። ነርሷ ብረት ተደግፋ ስታንቀላፋ የምትወርድበት ፌርማታ ሲደርስ ያ ድምፅ ይመጣል። «እንቅልፋሟ! ደርሰሻል። ቤትሽ ሄደሽ ተኚ።» አንድም ቀን አልረሳቻትም።

ክረምቱ ሲገባ ካርድ መጣ።

የአውቶቡስ ድርጅቱ ሰዎች ትኬቱን የሚተካ ቢጫ ማሽን አምጥተው ከወንበሯ ፊት ለፊት ያለው ብረት ላይ አሰሩት። በመስኮቱ ላይ ደግሞ ፖስተር ለጠፉ፤ አንዲት ልጅ ካርዷን ይዛ ትስቃለች። በኛ አውቶቡስ ውስጥ ስቆ የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ልጅቷ ከሌላ አገር የመጣች መሰለችን። የክብርት እትዬን የትኬት ጥራዝ ሰብስበው ወሰዱና በምትኩ አንድ ሰደርያ ሰጧት። ጀርባው ላይ «የካርድ ረዳት» ይላል። ከደረበችው ኮት በላይ ሲለበስ አልቆለፍ ስላላት እንደተከፈተ ትለብሰው ነበር። ተሳፋሪው እስኪለምድ ትቆያለች ተባለ። ከዚያ በኋላ የት እንደምትሄድ የጠየቀ አልነበረም፤ ሁላችንም ከካርዱ ጋር ትግል ይዘን ነበር።

ትግሉ እንዲህ ቀላል አልነበረም። ካርዱን እንደ ፎጣ ማሽኑ ላይ የሚያሻሽ አለ። እንደሚሰናበት ሰው ከሩቅ የሚያውለበልብ አለ። ቀዳዳ ፈልጎ ሊከት የሚሞክርም አለ። አንዲት እናት ካርዳቸውን ለሹፌሩ አሳይተው «አየኸው አይደል?» ብለው ተቀመጡ። ጋሼ እግር ካርዱን ካስነኩ በኋላ እጃቸውን ዘርግተው ቆመው ቀሩ።

«ምን ይጠብቃሉ ጋሼ?»

«ትኬቴን ነዋ!»

«ትኬት ቀርቷል!»

«ታዲያ ጋዜጣዬን የት ድረስ እንዳነበብኩ በምን ምልክት ላድርግ?»

እትዬ ጠጋ-በሉ ወንበሯ ላይ ሆና አስተማረችን። ማስተማር ስል መስደብ ማለቴ ነው። «አስነካው፣ ጠብቅ፣ ጢጥ ሲል አንሳ! ሰላምታ ነው የምትሰጠው እንጂ ልብስ አይደለም የምታጥበው!» ዝናብ ጣራውን እየደበደበ፣ መስኮቱ በትንፋሻችን ጉም እየለበሰ፣ ሙሉ ክረምት «አስነካ፣ ጠብቅ፣ አንሳ» ሲባልብን ከረመ። በመጨረሻ ሁላችንም ቻልንበት። እኔ በሕልሜም ጢጥ ሲል እሰማ ነበር።

ከቻልንበት በኋላ ግን የሆነ ልማድ ተፈጠረ። ስንገባ ካርዳችንን ለእሷ እንሰጣታለን። እሷ አውራ ጣቷን ምላሷ ላይ ታስነካና ካርዱን ትቀበላለች፣ ራሷ አስነክታ ሳታየን ትመልስልናለች። «እጅ የላችሁም?» እያለች ትቀበላለች። ማሽኑ ከእሷ ክንድ አጠገብ ነው፤ እጃችንን ትንሽ ብንዘረጋ ራሳችን ማስነካት እንችል ነበር። ማናችንም ለምን እንደሆነ አልተነጋገርንም። እኔ በበኩሌ ነገሩ እንዲህ ቢቀጥል ደስ ይለኝ ነበር።

ክረምቱ ሊወጣ አካባቢ ሹፌሩ ፌርማታ ላይ አንገቱን በመስኮት አወጣ። በሥራ ላይ ሲናገር ሰምተነው ስለማናውቅ ደነገጥን።

«ነገ ከድርጅቱ ቢሮ ሰውዬ ይመጣል» አለን። «ተሳፋሪው ካርዱን ለምዷል ካለ ወንበሯ ይነሳል። እሷን ጋራዥ ዕቃ ክፍል ሊያስገቧት ነው።»

«እዚያ ምን ትሠራለች?» አለች ነርሷ።

«ለመኪና አጣቢዎች ሳሙናና ስፖንጅ መስጠት። መስኮት የሌለው ክፍል ነው።»

መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ለግድግዳው «ጠጋ በል» ስትል ታየኝ። ያን ዕለት በዚያ ፌርማታ የተነጋገርነውን ያህል ተነጋግረን አናውቅም። አንድ ውሳኔ ላይም ደረስን፤ ነገ ካርድ የሚባል ነገር አናውቅም።

በማግስቱ ሰውዬው ጃንጥላውን እያራገፈ ገባና ማሽኑ አጠገብ ቆመ። ቀጥሎ ጋሼ እግር ገቡ። ዕድሜ ልካቸውን ሒሳብ ያስተማሩ ሰው ካርዳቸውን የመስኮቱ መስታወት ላይ ለጥፈው ጢጥ እስኪል ጠበቁ። ነርሷ የእሳት ማጥፊያው ላይ አስነካች። ከኋላ አንዱ «ካርድ ደግሞ ምንድን ነው?» ብሎ ጮኸ፤ ይሄኛው ትንሽ አበዛው። እኔ የሰውዬውን ቦርሳ በካርዴ ነካሁና «አልሠራም» አልኩ።

ሰውዬው ራሱን ነቀነቀ። ወደ እትዬም ዞረ። «እስካሁን ምን ስታስተምሪ ነው የከረምሽው?» አላት።

በቃ፣ ነገሩ ያኔ ተበላሸ።

ክብርት እትዬ ከወንበሯ ወረደች። ቆማ አይተናት አናውቅም ነበር። አጭር ናት። ይህን ያህል አጭር መሆኗን ማንም አልጠረጠረም፤ ያ ሁሉ ድምፅ ከዚያ ቁመት ይወጣ ኖሯል።

«እኔ ነኝ ያላስተማርኩት?» አለች። «እኔ? ውረዱ! ሁላችሁም ውረዱና እንደገና ግቡ!»

ዝናቡ እየወረደ አወረደችን። ነርሷ አጠገቧ ስትደርስ ጎንበስ ብላ «እትዬ፣ ይተዉ እንጂ። ለእርስዎ ብለን እኮ ነው» አለቻት።

«ለእኔ ብለሽ ነው ሥራዬን የማላውቅ የምታስመስይኝ? ማን ለምኖሽ? አስነኪ!»

ነርሷ አስነካች። ጢጥ። ጋሼ እግር አስነኩ። ጢጥ። ያ ካርድ ምንድን ነው ያለው ሰውዬ ሳይቀር አቀርቅሮ አስነካ። እኔ ተራዬ ሲደርስ ካርዴን ይዤ ቆምኩ። እንደምትጮህብኝ ጠብቄ ነበር፤ አልጮኸችም።

«ባለ መነጽር» አለችኝ ቀስ ብላ። «አስነካ፣ ልጄ።»

አስነካሁ። ጠበቅሁ። ጢጥ ሲል አነሳሁ። አረንጓዴ መብራት በራ። ሰውዬው «በጣም ጥሩ፤ ሁሉም ራሱን ችሏል» አለ። እሷ ወደ ወንበሯ ተመልሳ ወጣችና ኮቷን አስተካከለች። «አየህ?» አለችው። ቀኑን ሙሉ እንደዚያ ተኮፍሳ እንደዋለች ሹፌሩ በኋላ ነገረኝ። ወንበሯ እንደሚነሳ አታውቅም ነበር እንዴ ብዬ ጠየቅሁት።

«ማን፣ እሷ? ከሁላችሁም ቀድሞ የተነገረው ለእሷ ነው» አለኝ።

ወንበሯን ነቅለው ወሰዱት። የብሎኖቹ ቀዳዳ ወለሉ ላይ ቀርቷል፤ ዝናብ ሲዘንብ ውኃ ይቋጥራል። አውቶቡሱ አሁን ዘመናዊ ነው። ሰው ይገባል፣ ጢጥ ያደርጋል፣ በሩ ላይ ይቆማል። ውስጡ ክፍት ሆኖ ሳለ በሩ ላይ ተጣብቀን እንሄዳለን፤ የሚጠጋ የለም። ነርሷ ብዙ ጊዜ ፌርማታዋን አልፋ ስትነቃ አያለሁ። እቀሰቅሳት ነበር፤ ግን ከበሩ ሆኜ እሷ ጋ የሚደርስ ድምፅ የለኝም። አንድ ቀን ደፍሬ «ጠጋ በሉ» ለማለት ሞከርኩ። ድምፄ እንደ ሳል ወጣ። አንዷ ሴትዮ ፊቷን አዞረችብኝ። ያን ጠዋት ቢሮ የደረስኩት ከማንም ጋር ቃል ሳልለዋወጥ ነበር፤ ከዚያም ወዲህ ያሉት ጠዋቶች እንደዚያው ናቸው። እሷ ትናፍቀኛለች። ስድቧ ይናፍቀኛል።

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስመለስ አውቶቡሱ ጋራዡ አጠገብ ቆመ። በሩ ተከፈተና እትዬ ጠጋ-በሉ ገባች። ሰደርያ የለም። ኮቷ አለ። እጇ በሳሙና ብዛት ተሰነጣጥቋል። ካርዷን ይዛ ማሽኑ ፊት ቆመች። ማሽኑን የምታየው ቤቷን ወስዶባት እንደገባ ተከራይ ነበር። አላስነካችም። ከኋላዋ ያለው ሰው ማጉረምረም ጀመረ።

አውራ ጣቷን ምላሷ ላይ አስነካችና ካርዱን ወደ እኔ ዘረጋች።

«እንካ ባለ መነጽር። አስነካልኝ። እኔ ይሄን ዕቃ ለራሴ ብዬ አልነካውም።»

ተቀበልኳት። ማሽኑ ላይ አሻሸሁት መሰለኝ፤ ቀይ መብራት በራ።

«አታሻሸው! አስነካው፣ ጠብቅ፣ ጢጥ ሲል አንሳ! ያ ሁሉ ክረምት የት ሄደ?»

ጢጥ አለ። ካርዷን መለስኩላት። ቀና ብላ በሩ ላይ የተጣበቅነውን ሁሉ አየችን። ዓይኗ እርጥብ ነበር፤ ድምፅዋ ግን ያው ነው።

«ምን ትጠብቃላችሁ? በር ላይ ልታድሩ ነው? ጠጋ በሉ!»

ተጠጋን። የሚያውቋትም የማያውቋትም ተጠጉ፤ እኔ እስከ መጨረሻው ወንበር ሄድኩ። በሩ ተዘጋ። ሹፌሩ ግን አልነዳም። ከኋላ መኪናው ሁሉ ክላክሱን ያስጮኻል፤ እሱ በመስታወቱ ወደ ኋላ እያየ ይጠብቃል። ክብርት እትዬ ትንሽ ቆየች። ከዚያ የቤቷን ቁልፍ ከኮቷ ኪስ አወጣችና ብረቱን ኳ ኳ አደረገች።

ያኔ ሄድን።