መቶ ሰማኒያ ዲግሪ ፌዝ

ሁለት ሽማግሌ አንድ ዓይነት ነገር ካወራላችሁ ሚስት አታገኙም! አዎ፣ “አንድ አፍ ሁኑ” ተብሎ ሲመከር እሰማለሁ። አትመኑ! ሰቆጣ ላይ በኔ ላይ የተፈተነ ነው።

ትርሐስን ከአባቷ ከመሪጌታ ዘንድ እንዲለምኑልኝ የላክኋቸው ሁለት ናቸው፤ ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ሰይድና ጎረቤቴ ቄስ ሞላ። ሐጂ “ጨዋ ልጅ ነው” አሉ። ቄስ ሞላም “ጨዋ ልጅ ነው” አሉ። “ታታሪ ነው።” “አዎ፣ ታታሪ ነው።” መሪጌታ ጢማቸውን እያሻሹ ዝም... በመጨረሻ፣ “ኤሌክትሮኒክስ ያስተምራል አይደል የምትሉት? የደብሩ አምፕሊፋየር ድምፁ ከጠፋ ሰንብቷል። መጀመሪያ እሱን ያናግርልን፤ ከዚያ እኛም እንነጋገራለን” አሉ።

ስንቱ በጥሎሽ ሲጨነቅ የኔ ዕጣ አምፕሊፋየር ሆነ!

በማግስቱ ከማስተምርበት ኮሌጅ አስፈቅጄ፣ የሙከራ ድምፅ የሚያመነጨውን ባለሁለት ቻናል ሲግናል ጄኔሬተር ታቅፌ አምፕሊፋየሩ የተቀመጠበት መሪጌታ ግቢ ስደርስ፣ ሐጂ ሰይድ ከቄስ ሞላ ጎን ጀሪካን ይዘው ቆመዋል።

“ጄኔሬተር ያመጣል ሲሉኝ ቤንዚን ይዤ መጣሁ። በየት በኩል ነው የሚቀዳው?”

“ሐጂ፣ ይኼ ነዳጅ አይጠጣም። በመብራት ነው የሚሠራው።”

“መብራት ካለማ ጄኔሬተር ምን ያደርጋል?”

እኔ ገመዱን ሶኬት ላይ ሰካሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያ አምፕሊፋየር ሁለት ጆሮ አለው። በሁለቱም አንድ ዓይነት ነገር ከገባበት “ሐሜት ነው” ብሎ ይተወዋል፤ የሚሰማው በመካከላቸው ያለውን ልዩነት ብቻ ነው። ስለዚህ የጄኔሬተሩን ሁለት ቻናሎች በሁለቱ ጆሮዎች ሰክቼ፣ አንዱ ሽቅብ ሲል ሌላው ቁልቁል እንዲል ማድረግ አለብኝ። በኛ ሙያ ይህ በፈረንጅ አፍ የመቶ ሰማኒያ ዲግሪ የፌዝ ልዩነት ይባላል። ይህን ለተማሪ ሳስተምር የኖርኩ ሰው... ትርሐስ በበሩ ብቅ ስትል ፌዙ ከጭንቅላቴ ብን አለ!

አበራሁት። ዝም። ጨመርኩ። ዝም። እስከ ጥጉ አዞርኩት... ጭጭ!

“አርምሞ ያዘ እንዴ?” አሉ መሪጌታ።

ትርሐስ ልታመልጠኝ ነው! ዓይኔ ከቁልፍ ቁልፍ ሲንከራተት ድንገት በራልኝ፤ ሁለቱም ቻናሎች አብረው ሽቅብ፣ አብረው ቁልቁል ነው የሚሉት!

“አገኘሁት! ፌዝ ነው!”

“ምን አልክ?” መሪጌታ ከመደቡ ተነሡ።

“ፌዝ ነው፣ የኔታ! መቶ ሰማኒያ ዲግሪ ፌዝ!”

“በቤቴ? በሽማግሌ ፊት ታፌዛለህ?” መቋሚያቸው ወደ ላይ ወጣ።

መቋሚያ ከተነሣ በኋላ ማስረዳት ሞኝነት ነው። ቻናል ሁለትን ገለበጥኩት። ለካስ ድምፁን ከጥግ አልመለስኩትም! ያ አምፕሊፋየር የሰነበተበትን ዝምታ ባንድ ጊዜ አወራረደው። የሰፈሩ አህያ ሁሉ ፈረጠጠ፤ ሐጂ ጀሪካናቸውን አቅፈው መሬት ላይ ተደፉ። ሶኬቱን ነቀልኩ።

“ይኼ ልጅ እብድ ነው! ልጅዎን ይሰውሩ!” አሉ ሐጂ፣ አቧራቸውን እያራገፉ።

“ምን እብድ ይሆናል? ይኸው አናገረው!” አሉ ቄስ ሞላ።

“እኔን አደነቆረኝ እኮ!”

“እሱንስ አዳነው!”

ተያያዙ። መሪጌታ መቋሚያቸውን ቀስ ብለው አወረዱ።

“እሰይ! ዛሬ ገና ሰማኋችሁ” አሉ። “ያን ለት አጥንታችሁ የመጣችሁ መስሎኝ አንድም ቃላችሁ ጆሮዬ አልገባም። ትርሐስ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?”

“ፌዙን ካልረሳ... ይሁን” አለች፣ በነጠላዋ ሥር እየሳቀች። ደስታዬን በምን ልንገራችሁ!

ተጋባን። እኔ ሽቅብ ስል እሷ ቁልቁል፣ ቤታችን ድምቅ ብሎ ኖረ። ባለፈው ሰሞን መረረኝና “ምናለ አንድ ቀን እንኳን ብትስማሚኝ!” አልኳት።

“እሺ” አለች።

ሽሮው ጨው በዛው አልኩ። “እሺ።” ወንበሩን ወዲህ እናዙረው አልኩ። “እሺ።” ቤቱ ጭጭ አለብኝ፤ እንደዚያ አምፕሊፋየር! ፍርሃት ያዘኝ፣ እናንተዬ... ራት ሳይደርስ እግሯ ላይ ወደቅሁ።

“ኧረ ትርሐስዬ፣ በእመቤቴ ይዤሻለሁ... ፌዝሽን መልሺው!”