ናንዳና ሲመታ የማይነቃነቁት አያ ጂናዳሳ

ክሪኬት በሚወደድበት አገር ሁሉ በየሰፈሩ አንድ ሰው አይጠፋም፤ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ጨዋታውን የሚያጫውተው እሱ ራሱ የሚመስለው። በስሪላንካዋ ጋል ከተማ፣ ጡረታ የወጡት የአውቶቡስ ሾፌር ክቡር አያ ጂናዳሳ የእነዚህ ሁሉ ሊቀ መንበር ነበሩ።

ያመለኩት አንድ ሰው ነው፤ መቺውን ናንዳና ኢላንጋኮንን፣ ያውም ገና ጺም ሳያበቅል ጀምሮ። ናንዳና መምቻውን ይዞ ሜዳ ሲገባ በአያ ጂናዳሳ ቴሌቪዥን ፊት የሰው ልጅ መንቀሳቀስ ያቆማል። እግሩን ያነባበረ እንዳነባበረ፣ ማስነጠስ የመጣበትም እንደመጣበት ይቀራል። አንድ ጊዜ ጎረቤታቸው ሲሪል ውሃ ሊጠጣ ብድግ ሲል ናንዳና ከጨዋታ ወጣ።

"አንተ ነህ ያስወጣኸው!"

"አያ፣ ጨዋታው እኮ ባሕር ማዶ ነው!"

"ጥማትህ ባሕር አይሻገርም ያለህ ማነው?"

የዝናቡ ወራት መጥቶ እስኪያልፍ ሰላም አላሉትም።

ሚስታቸው ሊላዋቲም አንድ ቀን የዓሣ ወጥ ልታወርድ ስትሮጥ፣ አንድ እግሯ ጓዳ፣ አንድ እግሯ ሳሎን እንዳለ ናንዳና ኳሷን ከሜዳው አሻግሮ ላካት። "እዚያው ቁሚ!" ቆመች። ወጡ አረረ፤ ናንዳና መቶ ነጥብ ሞላ። አያ ጂናዳሳ ያረረውን ወጥ ጣታቸውን እየላሱ በሉት። ከዚያ ወዲያ ናንዳና በገባ ቁጥር የሊላዋቲ ቦታ በሩ ሆነ።

ዕድሜ ገፋና ስኳር በሽታ የአያ ጂናዳሳን ዓይን ወሰደው። የናንዳናም ጉልበት ደክሞ ኖሮ የመጨረሻ ጨዋታው እዚያው ጋል እንደሚሆን ተነገረ።

"ምን ልታይ ትሄዳለህ?" አለች ሊላዋቲ።

"ልሰማው።"

እጃቸውን ይዛ፣ ሜዳው ቁልቁል ከሚታይበት ከአሮጌው ግንብ አናት አወጣቻቸው። ናንዳና ሲገባ፣ ክሪኬትን ስትረግም የኖረችው ሴት በጆሯቸው ትነግራቸው ጀመር።

"ግራ እግሩን አስቀደመ... ዝቅ ብሎ ገፋት፤ እንደ ሐር! ክርኑ እንደ ድሮው ከፍ ብሏል።"

"አንቺ፣ ይሄን ከየት አመጣሽው?"

"በር ላይ ገትረኸኝ ስትኖር ዓይኔን የት ላድርገው?"

ከዚያ አንዲት ፈጣን ኳስ መጣች። ናንዳና ሰነዘረ፤ ኳሷ አልፋው ከኋላው ከቆመው ተጋጣሚ እጅ ገባች። "ነክቷታል!" ብለው ተጋጣሚዎቹ ጮኹ። መምቻውን ነክታ ከሆነ ናንዳና አበቃለት። ዳኛው ግን ራሱን ነቀነቀ፤ አልነካም። ግንቡ በእልልታ ተናወጠ።

አያ ጂናዳሳ ደርቀው ቀሩ። "ነካት" አሉ በለሆሳስ። "ጫፏን። ሰምቻለሁ።"

"ዝም በል! ዳኛው አልነካም ብሏል።"

"ናንዳናስ? እሱ ምን እያደረገ ነው?"

እጇን ጨምቀው ያዙት። ዕድሜ ልካቸውን ያመኑት ሰው አሁን ማንም ያላየውን ነገር ይዞ ብቻውን ቆሟል። ሊላዋቲ አንገቷን አስግጋ ቁልቁል አየች።

"ጓንቱን እያወለቀ ነው" አለች። "ዳኛው ተመለስ ይለዋል... እምቢ አለ። እየሄደ ነው።"

ሰዉ ነገሩ ስላልገባው ጸጥ አለ። በዚያ ጸጥታ መሀል አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ብድግ ብለው ብቻቸውን ማጨብጨብ ጀመሩ። ከታች ናንዳና ቆም አለ፤ ቀና ብሎ ግንቡን አየ።

ሊላዋቲ እንዳይወድቁ የጨበጠችውን የሸሚዛቸውን ጫፍ ለቀቀች። ለማጨብጨብ ሁለቱም እጆቿ ያስፈልጓት ነበር።