አሳንሼ የቆጠርኳቸው ኤሊዎች

ልጆችሽ ስንት ናቸው ስትባሉ ቁጥሩን ቀጥ አድርጋችሁ ትናገራላችሁ? እኔ አልችልም። እናቴ ልጅ በቁጥር ከተጠራ ዓይን ይበላዋል ብላ ነው ያሳደገችኝ። የንስሐ አባቴ ተቆጥተው ይህን እምነት አስጥለውኛል፤ አፌ ግን እስካሁን አልሰማም።

ይህ ጠባዬ ከአገሬ ወጥቼ ዴንቨር አጠገብ ያለችው አውሮራ ድረስ ተከትሎኝ መጥቶ በባሕር ኤሊ ያዋርደኛል ብዬ ግን አላሰብኩም። እዚህ የትኛው ባሕር አለና?

የመጨረሻ ልጄ የማኅሌት ትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብ አለው። ፍሎሪዳ የባሕር ዳርቻ ያሉ ተመራማሪዎች ከእንቁላል ወጥተው ወደ ውኃው የሚድሁ ጫጩት ኤሊዎችን ፎቶ ይልካሉ። እነሱ ቆጥረው ስለማይዘልቁት፣ እኛ ተራ ሰዎች በየቤታችን እናግዛቸዋለን። አንዱን ፎቶ ሁለት ሰው ለየብቻው ይቆጥርና ይመሳከራል። በደንብ የቆጠሩ ልጆች ትምህርት ሲዘጋ ፍሎሪዳ ይወሰዳሉ። ማኅሌት ባሕር አይታ አታውቅም።

ለማኅሌት ሁለተኛዋ ቆጣሪ እኔ ሆንኩ። ነርሲንግ ሆም ውስጥ የአዛውንት ትንፋሽ ቆጥሬ የምመዘግብ ሴት ኤሊ ያቅተኛል? ከሥራ ስመለስ መነጽሬን ሰክቼ ኮምፒውተሩ ፊት እቀመጣለሁ። ሠላሳ አንድ ናቸው። እጄ ግን እንቢ ይላል። የእናት ልጆች እኮ ናቸው፤ ወፉ ከላይ፣ ሸርጣኑ ከታች እያደባባቸው፣ እኔ ደግሞ ልጨመር? ሃያ ስምንት ብዬ እልካለሁ። ሦስቱን እግዚአብሔር ይያዝልኝ።

አንድ ቀን ማኅሌት ፊቷን አጥቁራ መጣች።

«ማሚ፣ ቲቸሯ ኦቨርካውንት ታደርጊያለሽ፣ አብዝተሽ ትቆጥሪያለሽ አለችኝ። ያንቺ ሁልጊዜ ከኔ ያንሳል። ከፍሎሪዳው ሊስት ልታወጣኝ ነው።»

«አንቺ ስንት አገኘሽ?»

«ሠላሳ አንድ። ሁለቴ ቼክ አድርጌያለሁ።»

«ልክ ነሽ።»

«ታዲያ ለምን ሃያ ስምንት አልሽ?»

በማግስቱ ማኅሌትን ይዤ አስተማሪዋ ዘንድ ሄጄ፣ በዚያ በእንግሊዝኛዬ ተናዘዝኩ። ኤሊዎቹን የቀነስኳቸው እኔ ነኝ፣ እኛ ልጅ አንቆጥርም አልኳት። ሴትዮዋ አላመነችኝም፤ ልጇን ለማዳን የምትዋሽ እናት መሰልኳት። ፈገግ አለችና፣ እንዳላፍር ብላ መሰለኝ፣ ወሬ ለወጠች።

«ስንት ልጆች አሉሽ?»

«ሁለት ሦስት አሉ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

ማኅሌት ግንባሯን ያዘች። «ማሚ፣ ዊ አር ፋይቭ።»

አስተማሪዋ እኔን አየች፣ ልጄን አየች። ከዚያ እርሳሷን አነሳችና ፊቷ ካለው መዝገብ ላይ የኔን ቁጥሮች አንድ ሳታስቀር ሰረዘች።

ማኅሌት ፍሎሪዳ ደርሳ ተመለሰች። ስንት ኤሊ እንዳየች አልጠየቅኳትም።